«ዓይኑ ደህና ነው» ከተባለ በኋላ፦ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች እይታ ታሪክ

በ1941 መጀመሪያ ላይ ዶክተር ስቱዋርት ክሊፎርድ የተባሉ የቦስተን የሕፃናት ሐኪም፣ ያለ ጊዜዋ የተወለደች አንዲት ጨቅላ ለማየት ሮክስበሪ ወደተባለው ሰፈር ጎራ አሉ። ሕፃኗ ከሆስፒታል ወጥታ እቤቷ ነበረች። ሲመረምሯት ዓይኖቿ አንድ ቦታ ማረፍ አቅቷቸው ይዋልላሉ፤ ከብሌናቸው ጀርባም ግራጫ ነገር ጋርዷቸዋል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ተመሳሳይ ሕፃን ተገኘ። ዶክተር ቴዎዶር ቴሪ የተባሉ የዓይን ሐኪም ነገሩን ይዘው ሲከታተሉ ቆዩና በ1942 ይፋ አደረጉት። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችን እየመረጠ የሚያሳውር፣ ቀድሞ ያልታወቀ በሽታ ብቅ ብሏል አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ ያለፉት ሰማንያ ዓመታት ሁለት ታሪኮችን ይዘዋል። አንደኛው የዓይን ታሪክ ነው፤ ኦክሲጅን እንዴት እንዳሳወረና ሐኪሞች እንዴት እንደደረሱበት ይናገራል። ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ሁለተኛው የአንጎል ታሪክ ሲሆን ብዙም አልተነገረለትም። ዓይናቸው ተመርምሮ «ደህና ነው» የተባሉ፣ ፊደሉን እስከ ታችኛው መስመር የሚያነቡ፣ ነገር ግን ደረጃ መውረድ የሚፈሩ፣ ከሰው መሃል እናታቸውን ፈልገው የሚያጡ ልጆች ታሪክ ነው። ሁለተኛው ችግር ዛሬ የመጣ አዲስ በሽታ አይደለም። ድሮም ነበር፤ ግን ያለበት ልጅ በአብዛኛው በሕይወት አይቆይም፣ ከቆየም ዓይነ ስውርነቱ ይሸፍነዋል። ሕክምናው ልጁን ካዳነ፣ ቀጥሎም ዓይኑን ካዳነ በኋላ ነው ከሥር ያለው የታየው። የሠለጠኑት አገሮች ሁለቱን ችግሮች በግማሽ ምዕተ ዓመት ልዩነት፣ ተራ በተራ ተጋፈጧቸው። እኛ ዘንድ አብረው እየመጡ ነው፤ ታሪኩን ዛሬ ማንሳት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ከጫጩት ማስፈልፈያ እስከ ኦክሲጅን

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት፣ ማሞቂያ የምንለው መሣሪያ መነሻው ዶሮ ነው። የፓሪሱ የማዋለጃ ሐኪም ስቴፋን ታርኒየር በ1870ዎቹ መጨረሻ በከተማዋ የእንስሳት ማቆያ የጫጩት ማስፈልፈያ ሣጥን አዩ፤ ለሰው ልጅም የሚሆን እንዲሠራላቸው አዘዙ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሣጥኑ ማተርኒቴ በተባለው የፓሪስ ማዋለጃ ሥራ ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ግን ሐሳቡን ያስተዋወቀው ሆስፒታል አልነበረም። ማርቲን ኩኒ የተባለ ሰው ከ1903 እስከ 1943 ድረስ በኒውዮርኩ የኮኒ አይላንድ መዝናኛ ሕፃናቱን በማሞቂያ አስተኝቶ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። ተመልካች ለመግቢያ 25 ሳንቲም ይከፍላል፤ ከወላጆች ግን ምንም አይጠየቅም። የነርሶቹ ደመወዝም ሆነ የሕፃናቱ ቀለብ የሚሸፈነው ከመግቢያው ገንዘብ ነበር። ብዙ ሆስፒታሎች «አይተርፍም» ብለው የተዉትን ልጅ ወላጁ ታቅፎ ወደ ኩኒ ይሮጥ ነበር።

በ1922 ዶክተር ጁልየስ ሄስ በቺካጎ ለእነዚህ ሕፃናት ብቻ የተለየ ክፍል ከፈቱ። በ1940ዎቹ ማሞቂያዎቹ ይበልጥ ረቀቁ፤ አየር በቀላሉ የማያስወጡ ሆኑ፣ ኦክሲጅንም እንደ ልብ ይለቀቅባቸው ጀመር። አተነፋፈሱ የሚቆራረጥ ሕፃን ኦክሲጅን ሲሰጠው ቀላ ብሎ ይረጋጋል። ይህን ያየ ሐኪም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሳይቋረጥ ቢሰጥ አይፈረድበትም።

ግራ ያጋባው ዓይነ ስውርነቱ የበዛው በተሻሉት ሆስፒታሎች መሆኑ ነው። መሣሪያው የተሟላበት፣ ነርሱ የበዛበት ቦታ የሚታወሩት ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ ደኸየት ባለው ሆስፒታል ግን ጥቂት ናቸው። ያልተጠረጠረ ነገር አልነበረም፤ ብርሃን፣ ቫይታሚን፣ ብረት፣ የላም ወተት ሁሉ በየተራ ተከሰሱ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ መልሱ እስኪገኝ ድረስ በዓለም ዙሪያ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች ዓይናቸውን አጡ። በ1950 በሚሺጋን የተወለደው ሙዚቀኛ ስቲቪ ዎንደር ከእነዚህ አንዱ ነው።

መጋረጃውን የገለጡት የሜልበርኗ የሕፃናት ሐኪም ኬት ካምቤል ናቸው። የኦክሲጅን አሰጣጣቸው የተለያየ ሦስት ተቋማትን መዝገብ አነጻጽረው በ1951 አሳተሙ። ኦክሲጅን በብዛት ከተሰጣቸው ሕፃናት ከመቶ 19 ያህሉ፣ በልክ ከተሰጣቸው ደግሞ ከመቶ 7 ያህሉ ታመው ነበር። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጋሊንገር በተባለው የከተማው ሆስፒታል ወጣቱ ዶክተር አርናል ፓትስ ጥርጣሬያቸውን በሙከራ ለማረጋገጥ ተነሡ። የመንግሥቱ የምርምር ተቋም ገንዘብ ሲከለክላቸው ከወንድማቸው ተበደሩ። ሕፃናቱን ከፍለው ለአንዱ ቡድን ብዙ፣ ለሌላው ጥቂት ኦክሲጅን እንዲሰጥ አዘዙ። ሌሊት ግን አንዳንድ ነርሶች ትንሽ ኦክሲጅን ያገኙት ልጆች አሳዝነዋቸው፣ ሐኪሙ ዘወር ሲል የቧንቧውን ቁልፍ ከፈት ያደርጉት ነበር። በወቅቱ የነበረውን እምነት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ለእነዚያ ሴቶች ኦክሲጅን መቀነስ ልጁን ከማነቅ አይተናነስም ነበር።

ጉዳዩን የዘጋው በሐምሌ 1953 የተጀመረው የ18 ሆስፒታሎች የጋራ ጥናት ነው። ብዙ ኦክሲጅን መስጠት አደጋ ሊሆን እንደሚችል ስለተጠረጠረ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሦስት ሕፃናት አንዱ ብቻ በቀድሞው ልማድ እንዲታከም ተወሰነ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በዚያ መንገድ አልታከመም። በመስከረም 1954 ውጤቱ ይፋ ሲሆን ጥፋተኛው ኦክሲጅን መሆኑ አላጠያየቀም። ለንደን ላይ ኖርማን አሽተን በድመት ግልገሎች ላይ ባደረጉት ምርምር ነገሩ እንዴት እንደሚሆን አሳዩ። ረቲና የተባለው ብርሃን ተቀባይ የዓይን የውስጥ ሽፋን ደም ሥሮች በጽንሱ 16ኛ ሳምንት ገደማ ከዓይን ነርቭ ዙሪያ ተነሥተው ወደ ዳር ያድጋሉ፤ ዳር የሚደርሱት ዘጠኝ ወሩ ሊሞላ ሲል ነው። በስድስት በሰባት ወሩ የተወለደ ልጅ ደም ሥሮቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ኦክሲጅን ሲትረፈረፍ እድገታቸው ይቆማል። በኋላ ደም ያልደረሰው የረቲና ክፍል ሲራብ ያልተስተካከሉ፣ ደካማ ደም ሥሮች በብዛት ይፈላሉ። እነሱም ጠባሳ እየሆኑ ሲኮማተሩ ረቲናውን ከቦታው ይነቅሉታል።

ከድጡ ወደ ማጡ

መልሱ ሲገኝ ዓለም እፎይ አለ፤ ኦክሲጅንም በየሆስፒታሉ ተቆጠበ። ከ40 በመቶ በላይ እንዳይሰጥ የሚል ልማድ ሰፈነ። ዓይነ ስውርነቱ ክፉኛ ቀነሰ። ሕፃናቱ ግን ሳንባቸው ገና ያልበሰለ ነውና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አየር አጥሯቸው ይሞቱ ጀመር። የለንደኑ ኬነት ክሮስ በ1973 ሒሳቡን ሲሠሩት ከዓይነ ስውርነት ለዳነ አንድ ልጅ ወደ 16 የሚሆኑ ሌሎች ሕይወታቸውን ሳያጡ እንዳልቀሩ ገመቱ። ለዚህ ጽሑፍ ከዚህም የሚበልጠው ግን እንግሊዛዊቷ አሊሰን ማክዶናልድ በ1963 ያስተዋሉት ነው። ኦክሲጅን በተቆጠበባቸው ሆስፒታሎች ዓይነ ስውሩ ሲቀንስ፣ ከተረፉት ልጆች መካከል እግራቸው የሚገተርባቸው፣ ሴሬብራል ፓልሲ የተባለው ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ያለባቸው ይበዙ ነበር። ዓይኑን ለማዳን የተከፈለው ዋጋ በከፊል ከአንጎል የተወሰደ ይመስል ነበር።

ይህ ሚዛን እስከ ዛሬ አልተፈታም። በ2010 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት በደም ውስጥ ያለው የኦክሲጅን መጠን ከ85 እስከ 89 በመቶ የተያዘላቸውን ሕፃናት ከ91 እስከ 95 በመቶ ከተያዘላቸው ጋር አወዳደረ። ዝቅ ያለው ቡድን ከባድ የረቲና በሽታ ያገኘው ከመቶ 8.6 ሲሆን፣ ከፍ ያለው 17.9 ነበር። በአንጻሩ ዝቅ ካለው ቡድን 19.9 በመቶው፣ ከፍ ካለው 16.2 በመቶው ሞቱ። ሐኪም በእነዚህ ጥቂት ነጥቦች መካከል ነው የሚመርጠው። ይህን ያህል ጥብቅ ቁጥጥር ያለ መለኪያ መሣሪያና ያለ በቂ ነርስ አይታሰብም።

ዓይኑ ሲድን

በ1970ዎቹ እና በ1980ዎቹ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሄዱ። በአንድ በኩል የሕፃናቱ ሳንባ መላ ተገኘለት። በ1972 የኒውዚላንድ ሐኪሞች ሊጊንስና ሀዊ ምጥ ቀድሞ ለመጣባት እናት የሚሰጥ መርፌ የልጁን ሳንባ እንደሚያበስል አሳዩ። በ1980 ጃፓናዊው ፉጂዋራ ሳንባውን የሚያላላ፣ ከረጢቶቹም ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርግ ፈሳሽ በቀጥታ ወደ ሕፃናት ሳንባ በመስጠት ውጤት አገኙ። ቀድሞ ተስፋ የማይደረግባቸው፣ በ26ኛውና በ25ኛው ሳምንት የተወለዱ ልጆች እየተረፉ ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ።

በሌላ በኩል የዓይን ሐኪሞች ተስማምተው በ1984 የረቲናውን በሽታ በደረጃ ከፋፈሉት። በ1988 የመጀመሪያ ውጤቱ በወጣ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት፣ ደም ያልደረሰውን የረቲና ዳር በብርድ ማቃጠል ክፉውን ውጤት በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ታወቀ። ከዚያ ሌዘር ተተካ፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ ወደ ዓይን የሚወጋ መድኃኒት ተጨመረ። ዛሬ በሽታው በጊዜው ከተያዘ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ይድናል። ለዚህ ግን የመጀመሪያው ምርመራ ልጁ ከተወለደ ከአራት ሳምንት ገደማ ጀምሮ መደረግ አለበት። ከሳምንታት በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ወላጅ ሕክምናው አምልጦታል።

እነዚህ ዓይናቸው የዳነ ልጆች ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ነው ሁለተኛው ታሪክ የጀመረው።

ከዓይን በስተጀርባ

የአንጎሉ ታሪክ ሥሩ ከዓይኑ ታሪክ ይረዝማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሊትል በ1861 ለንደን ላይ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ያለ ጊዜ መወለድና ከባድ ምጥ ከእግር መገተር ጋር ዝምድና እንዳላቸው ተናግረዋል። በ1962 ቤቲ ባንከርና ዣን ክሎዲ ላሮሽ ጉዳቱ የት እንዳለ በዝርዝር አሳዩ። በአንጎል መካከል ፈሳሽ የያዙ ጓዳዎች አሉ፤ በነዚህ ጓዳዎች ዳር ያለው ነጭ የአንጎል ክፍል ነው የተጎዳው። በ24ኛውና በ32ኛው ሳምንት መካከል ይህ ቦታ የደም አቅርቦቱ ቀጭን ነው። ነርቮችን የሚያለብሱት ሕዋሳትም ገና ልጅ ናቸው፤ የደም ግፊት ሲዋዥቅ ወይም ኢንፌክሽን ሲነሣ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ወደ እግር የሚወርዱ ነርቮች በዚያ በኩል ስለሚያልፉ እግሩ ይገተራል። ከዓይን የመጣውን መልእክት ወደ አንጎል ኋለኛ ክፍል የሚያደርሱት ክሮችም በዚያው ሰፈር ያልፋሉ። ከእነሱ መካከል ወደ ጓዳዎቹ የሚቀርቡት ከእይታ መስክ የታችኛውን ግማሽ የሚያመጡት ናቸው። እግሩ የተገተረ ልጅ ብዙ ጊዜ እግሩ ሥር ያለውን አያይም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ጉዳቶች ጎረቤታሞች ናቸው።

አንጎል እንዴት እንደሚያይ የታወቀው ግን ከሕፃናት ሳይሆን ከወታደሮች ነው። በ1904 እና 1905 በተደረገው የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ጭንቅላታቸውን የተመቱ የጃፓን ወታደሮች ጡረታ ይጠይቁ ነበር፤ የማየት ችሎታቸው ምን ያህል እንደተጎዳ መርምረው እንዲወስኑ የተመደቡት የዓይን ሐኪሙ ታትሱጂ ኢኖዬ ናቸው። የሩሲያ ጥይት ቀጭንና ፈጣን ስለነበር ሲያልፍ ጠባብ ቀዳዳ ይተዋል። ኢኖዬ የጥይቱን መግቢያና መውጫ ከጠፋው የእይታ ክፍል ጋር እያዛመዱ፣ አንጎል ዓለሙን በየትኛው ቦታ እንደሚቀበል በካርታ አሰፈሩ፤ በ1909 አሳተሙት።

በዚያው ዓመት የቡዳፔስቱ ሐኪም ሬዝሶ ባሊንት አንድ በሽተኛ ገለጹ። ሰውየው ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አያይም። ሲጋራ ሲለኩስ እሳቱን ጫፉ ላይ ሳይሆን መሃሉ ላይ ያደርገዋል። ሥጋ ሲቆርጥ ቢላው ሳህኑን ስቶ ውጭ ይፈልጋል። ባሊንት የአንጎሉ ሁለት ጎኖች፣ ወደ ላይኛው ጀርባ ያሉት ክፍሎች እንደተጎዱ አገኙ።

ነገሩ ሁለት መንገድ እንዳለው በኋላ ተብራራ። በ1982 ኡንገርላይደርና ሚሽኪን፣ በ1992 ደግሞ ጉዴልና ሚልነር ከአንጎል ጀርባ ሁለት የእይታ መስመሮች እንደሚነሱ አሳዩ። ታችኛው «ይህ ምንድን ነው?» የሚለውን ይመልሳል፤ ፊትን፣ ቅርጽን፣ ፊደልን ይለያል። ላይኛው «የት ነው? እንዴት ልድረስበት?» የሚለውን ይሠራል፤ እጅን፣ እግርን፣ ትኩረትን ይመራል። ጉዴልና ሚልነር በጋዝ ጭስ የተጎዳች አንዲት ሴት አጥንተው ነበር። ሴትየዋ እንደ ፖስታ ሣጥን ያለ ቀዳዳ ሲያሳዩዋት ወደየት እንደተዘመመ መናገር አትችልም። ካርድ ስጧትና በቀዳዳው አስገቢ በሏት፤ እጇ ራሱ አዘንብሎ አስተካክሎ ይከታል። የምታየውን አታውቅም፤ እጇ ግን ያውቃል።

እነዚህን ሁሉ ወደ ሕፃናት ያመጡት በግላስጎው የሠሩት የዓይን ሐኪም ጎርደን ዳተን ናቸው። በ1996 የ90 ልጆችን ታሪክ አሳተሙ፤ ልጆቹ እይታቸው በአንጎላቸው ምክንያት የተዛባባቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ስቶክሆልም ላይ ሊና ያኮብሶን ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ነጩ የአንጎላቸው ክፍል የተጎዳ ልጆችን እይታ በአንጎል ምስል አያይዘው አጠኑ። የያኮብሶን ቡድን ቀጥሎ ያስተዋለው ነገር ለዓይን ሐኪሞች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ዓይናቸው ውስጥ ሲታይ የዓይን ነርቩ እንደ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) በሽተኛ የጎደጎደ ይመስላል፤ የዓይኑ ግፊት ግን ጤነኛ ነው። ነርቩ የጎደጎደው ከኋላ በኩል አንጎል ውስጥ ክሮቹ ስለሞቱ ነው። የወሊድ ታሪኩን ያልጠየቀ ሐኪም ልጁን ለማያስፈልግ ሕክምና ሊዳርገው ይችላል።

ልጁ ምን ይገጥመዋል?

በ28ኛው ሳምንት የተወለደች፣ አሁን ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ እናስብ። የዓይን ክሊኒክ ወስደው ፊደል ሲያስነብቧት እስከ ታችኛው መስመር ትዘልቃለች። ሐኪሙ «ዓይኗ ደህና ነው» ይላል፤ ያለው ትክክል ነው። ቤት ስትመለስ ግን ነጭ ጫማዋን በር ላይ ከተደረደሩ ጫማዎች መሃል ስትፈልግ ቆይታ ታለቅሳለች። ጫማው ብቻውን ምንጣፍ ላይ ቢቀመጥ ወዲያው ታነሣዋለች። አበባ በበዛበት የጠረጴዛ ልብስ ላይ ያለውን ስኒ እጇን ዘርግታ ትስተዋለች። ደረጃ ስትወርድ በእግሯ ጫፍ ትዳብሳለች፤ ወለሉ አልቆ ምንጣፍ ሲጀምር ቆም ትላለች፣ የቀለሙ ልዩነት ጉድጓድ ይመስላት ይሆናል። ትምህርት ቤት በር ላይ ነጠላ ከለበሱ ሴቶች መሃል እናቷን አታገኝም፤ እናቷ ስሟን ስትጠራት ግን ድምፁን ተከትላ ትሮጣለች። ከጥቁር ሰሌዳ ስትገለብጥ ዓይኗን ወደ ደብተሯ ባወረደች ቁጥር የነበረችበት መስመር ይጠፋታል። ጠዋት የሚሆንላት ነገር ከሰዓት በኋላ አይሆንላትም፤ ማየት ለሷ ሥራ ነው፣ ይደክማታል።

ቃላቱን ለየብቻ በካርድ ሲያሳዩዋት ታነባለች። ጥቅጥቅ ያለ ገጽ ሲሰጣት ግን መርካቶ መሃል ብቻውን የተለቀቀ እንግዳ ትሆናለች፤ ሁሉም አንድ ላይ ይጮኽባታል፣ ከየት እንደምትጀምር ይጠፋታል። ይህ የላይኛው የእይታ መስመር ችግር ነው፤ ያለ ጊዜ በተወለዱ ልጆች ላይ ብዙ የሚታየውም እሱ ነው። የታችኛው የእይታ መስመር የተጎዳበት ልጅ ደግሞ ፊት መለየት ይቸግረዋል፤ አባቱን በጢሙ ወይም በአረማመዱ ነው የሚያውቀው። ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ በተለያየ መጠን ሊገኙ ይችላሉ።

እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ስም ሌላ ነው። «ሰነፍ ናት»፣ «ታጭበረብራለች፤ ትናንት አንብባው ነበር»፣ «ፈሪ ናት» ይባላል። አንዳንዴም ሳይጣራ ኦቲዝም ወይም የትኩረት ችግር ይባላል። ልጅቷ ራሷ ዓለምን ከዚህ በሌላ መልክ አይታው ስለማታውቅ «አይታየኝም» አትልም። ክፍሉን ሞልተው የተቀመጡት ልጆች ሁሉ እንደሷ የሚያዩ ይመስሏታል።

ቁጥራቸውም ጥቂት አይደለም። በ2021 የታተመው በብሪስቶሏ ካቲ ዊሊያምስ የተመራው ጥናት በመደበኛ የእንግሊዝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ፣ ከ5 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆችን መረመረ። ከመቶ 3.4 ያህሉ ከአንጎል ጋር የተያያዘ የእይታ ችግር ምልክት አሳዩ። ይህ በአማካይ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ልጅ ማለት ነው። ሁሉም ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ አይደሉም፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅም ሁሉ ይህ ችግር የለበትም። ያለ ጊዜ መወለድ ግን ከዋና ዋናዎቹ መነሻዎች አንዱ ነው። እነዚሁ ልጆች ሩቅ አለማየትና የዓይን መንሸዋረርም ይበዛባቸዋል፤ መነጽር የሚፈታው ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ መፈታት አለበት።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ

ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ማሞቂያ ያልተዳረሰበት አገር መውጫ የሚፈልገው በሌላ መንገድ ነው። ዶክተር ኤድጋር ሬይ በ1978 ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ ላይ ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ማስተኛት ጀመሩ። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳየ ካሴ ይህንኑ አዲስ አበባ ውስጥ ሞክረው ውጤቱን በ2005 አሳተሙ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ገላ ለገላ ከታቀፉት ሕፃናት መካከል የሞቱት ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። ከ2016 ጀምሮ በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደው ትልቁ የኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ ከ4,900 በላይ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን መዝግቦ ከሞቱት 45 በመቶው በሳንባ አለመብሰል፣ 30 በመቶው በኢንፌክሽን፣ 14 በመቶው በመታፈን እንደሞቱ በ2019 አስታወቀ።

የሞቱን ምክንያት ያነበበ የመዳኑን መንገድ ያውቃል፤ ኦክሲጅን፣ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ መድኃኒት። በየክልሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች እየተከፈቱ ያሉት ለዚህ ነው፤ መሆንም አለበት። ነገር ግን በዓለም ላይ የታየው ታሪክ እንደሚለው፣ ኦክሲጅኑ ከመለኪያው ቀድሞ የደረሰበት ቦታ ሁሉ ዓይነ ስውርነት ይከተለዋል። የዘርፉ ሰዎች በላቲን አሜሪካ፣ በምሥራቅ አውሮፓና በእስያ የታየውን «ሦስተኛው ወረርሽኝ» ብለው ይጠሩታል። በ2010 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕፃናት በዚህ በሽታ ዓይነ ስውር ሆነዋል ወይም እይታቸው ክፉኛ ተጎድቷል ተብሎ ይገመታል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሁኔታ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የሚለየው። እነሱ የዓይኑን ወረርሽኝ በ1940ዎቹ አዩ፤ የአንጎሉን በ1990ዎቹ። በመካከሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የዓይን ምርመራ ሥርዓት፣ የልጆች ክትትል ክሊኒክ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት አደራጁ። እኛ ዘንድ ዛሬ ከማሞቂያ ክፍል በደስታ ተሸኝቶ የሚወጣ አንድ ልጅ ሁለቱንም አደጋዎች ይዞ ሊወጣ ይችላል። ረቲናውን በአራተኛው ሳምንት የሚያይ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ትምህርት ሲጀምር ደግሞ ዕቃና ፊደል እንዴት እንደሚፈልግ የሚከታተል አስተማሪ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ባለሙያና መሣሪያ ይፈልጋል፣ ለማስፋፋትም ጊዜ ይወስዳል።

ሁለተኛው ግን በአመዛኙ ጥያቄ ነው። ዳተንና ባልደረቦቻቸው ወላጅን በተዘጋጁ ጥያቄዎች መጠየቅ ብዙ እንደሚረዳ ካሳዩ ቆይተዋል። ደረጃ ሲወርድ ይቸገራል? መሬት ላይ ያለ ነገር ያደናቅፈዋል? ከብዙ ዕቃ መሃል የሚፈልገውን ያጣል? ከሰው መሃል የሚያውቀውን ሰው ማግኘት ይቸግረዋል? ሰው ሲያናግረው ማየቱን ያቆማል? መልሱ ብዙ ጊዜ «አዎ» ከሆነ መላው ውድ አይደለም። ጠረጴዛውን ማራቆት፣ መጫወቻውን አንድ በአንድ መስጠት፣ ከንባቡ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ የተቀደደ ካርቶን ገጹ ላይ ማድረግ፣ ሰፋ ብሎ የተጻፈ መጽሐፍ፣ በደረጃው ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀለም፣ ልጁን ከሰሌዳው ፊት ለፊት ማስቀመጥ፣ እናት ልጇን ስትወስድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ደማቅ ሻርፕ መልበስ። የሞተው ክር አይመለስም። ልጁ ግን ባለው መጠቀም ይማራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰነፍ አለመሆኑን ያውቃል።

የጎደለው መገናኛው ነው። ልጁ ሲወለድ የተጻፈው መዝገብ ሆስፒታል ይቀራል፤ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚያስተምረው መምህርም ሆነ የሚመረምረው የዓይን ሐኪም አያየውም። ስለዚህ በየሆስፒታሉ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚወጣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይዞ ይውጣ። በስንተኛው ሳምንት እንደተወለደ፣ ስንት ቀን ኦክሲጅን እንደወሰደ፣ ረቲናው መቼ እንደታየ፣ የአንጎል አልትራሳውንድ ከተነሣ ምን እንዳሳየ ይጻፍበት። ወላጅ ያን ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር አብሮ ያስቀምጥ፤ ልጁ አንደኛ ክፍል ሲመዘገብም ይዞት ይሂድ። አስተማሪው «ይህ ልጅ ለምን አያይም?» ብሎ ከመናደዱ በፊት ወረቀቱን ካነበበ፣ ዓለም ለመረዳት ግማሽ ምዕተ ዓመት የፈጀበትን ነገር በአንድ ቀን ሊደርስበት ይችላል።